ኢን-ስቴት ወይስ አውት-ኦፍ-ስቴት? ልጃችሁ ኮሌጅ ከማመልከቱ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ወንበር ሁለት ዋጋ ይጠራል። የስቴቱ ነዋሪ (ኢን-ስቴት) ዝቅተኛውን ይከፍላል፣ ከሌላ ስቴት የመጣ (አውት-ኦፍ-ስቴት) ደግሞ ከፍተኛውን። ኮሌጅ ቦርድ ባወጣው አሃዝ መሠረት በ2024-25 የትምህርት ዘመን በአራት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች አማካዩ የትምህርት ክፍያ ለነዋሪ 11,610 ዶላር፣ ለሌላ ስቴት ተማሪ 30,780 ዶላር ነበር። ስቴቱ ዩኒቨርሲቲውን የሚደጉመው ከነዋሪው በሚሰበስበው ግብር ስለሆነ ድጎማውን ለራሱ ነዋሪ ያስቀድማል። የግል ኮሌጆች ግን ይህን ልዩነት አያውቁም፤ ተማሪው ከጎረቤት ይምጣ ከአላስካ የተለጠፈው ዋጋ አንድ ነው።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። ገቢው መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ መጀመሪያ የራሱን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ቀጥሎ የተማሪውን የገንዘብ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ የግል ኮሌጆችን፣ በመጨረሻ የሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ቢያይ ይሻለዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። "የግል ውድ ነው" ብሎ ገና ከጅምሩ ይሰርዘውና፣ ስሙ የገነነ የሌላ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ተስፋውን ይጥላል። ከሦስቱ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ውዱ ግን ያ የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ፦ ልጃችሁ በርግጥ ኢን-ስቴት ነው?

ስቴቱ ውስጥ መኖርና በዩኒቨርሲቲው ዘንድ ነዋሪ ተብሎ መመዝገብ ይለያያሉ። አብዛኞቹ ስቴቶች፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን ወደ ኋላ 12 ወር ይቆጥራሉ። ልጁ በወላጅ የሚተዳደር ከሆነ የሚመረመረው የወላጅ መኖሪያ ነው። ዩኒቨርሲቲው ማየት የሚፈልገው ደግሞ እዚያ በቋሚነት ለመኖር መቁረጣችሁን ነው፦ የስቴቱ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባ፣ ለስቴቱ የተከፈለ የገቢ ግብር፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የቤት ባለቤትነት ሰነድ፣ ዜጋ ከሆናችሁም የመራጭነት ምዝገባ።

ነገር የሚበላሸው ሰነዶቹ እርስ በርስ ሲጣሉ ነው። ቤተሰቡ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ መኪናው ግን ኢንሹራንስ ይረክሳል ተብሎ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ባለ ዘመድ አድራሻ ተመዝግቧል። ወይም ታክስ ሠሪው ያለፈውን ዓመት ፎርም ገልብጦ የድሮውን አድራሻ ትቶታል። ወይም አባት ዲሲ ስለሚሠራ አሠሪው ግብሩን ለዲሲ ይቆርጣል፤ ሕጉ ግን ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው የደመወዝ ግብሩን ለሚኖርበት ስቴት እንዲከፍል ነው የሚለው። እነዚህን ማስተካከል ያለባችሁ ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ ነው። የ12 ወሩ ቆጠራ ከጀመረ በኋላ የተቀየረ መንጃ ፈቃድ ከጥቅሙ ይልቅ ጥያቄ ያስነሳል።

ቤት ርካሽ ነው ተብሎ ወደ ቴክሳስ ወይም ወደ ጆርጂያ የሚደረግ ዝውውርም ሌላ ወጥመድ ነው። ልጁ 12ኛ ክፍል እያለ ማርች ላይ የተዛወረ ቤተሰብ ኦገስት ሲደርስ አዲሱ ስቴት ውስጥ የቆየው 5 ወር ብቻ ነው። የድሮውንም ለቅቆ ወጥቷል። ስለዚህ በሁለቱም ስቴት እንደ ውጭ ሰው ሊቆጠር ይችላል። መዛወር የማይቀር ከሆነ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ባለው ክረምት ማለቅ አለበት፤ ካልተቻለ የሁለቱንም ስቴቶች ደንብ አይቶ አንዱ ወላጅ የቀድሞ ቤቱን ይዞ መቆየቱ ያዋጣ እንደሆነ ማስላት ነው።

ወላጆቹ አዲስ አበባ ሆነው አክስቱ ወይም አጎቱ ዘንድ ያደገ ልጅ የራሱ ፈተና አለው። ዘመድ ማሳደጉ ብቻ የዘመዱን ነዋሪነት ለልጁ አያስተላልፍም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው በፍርድ ቤት የተሰጠ የሕጋዊ አሳዳጊነት ውሳኔ ነው፤ ያውም ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው የተወሰነ፣ ለትምህርት ክፍያ ቅናሽ ሲባል ብቻ ያልወጣ። ይኸው ወረቀት ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ላይም ልጁን ከወላጅ ገቢ ነጻ አድርጎ ያስቆጥረዋል። ትምህርት ቤት የተቀበለው ወይም ኖታሪ ያተመው የአደራ ደብዳቤ ለዚህ አይበቃም።

የኢሚግሬሽን ሁኔታም ዋጋ አለው። ግሪን ካርድ ያለው፣ በሬፊውጂነት የገባ፣ አሳይለሙ የጸደቀለት ተማሪ እንደማንኛውም ነዋሪ ይታያል፤ የፌዴራል እርዳታም ያገኛል። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ብቻ የያዘ ግን ፔል ግራንትም (የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ) ሆነ የፌዴራል ብድር አያገኝም። ኢን-ስቴት ዋጋ ማግኘቱን የሚወስነው የየስቴቱ ሕግ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ይቀያየራል። ቴክሳስ በ2001 ወረቀት ለሌላቸው የስቴቱ ተማሪዎች ኢን-ስቴት ዋጋ በመፍቀድ ቀዳሚ ነበረች፤ በጁን 2025 ግን ያ ሕግ በፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ቀርቷል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት የገባ የጎረቤት ልጅ የነገራችሁን ሳይሆን የዘንድሮውን የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ገጽ ተመልከቱ።

"አንድ ዓመት ከፍለን ከዚያ ነዋሪ ይሆናል" የሚለው ዕቅድ በአብዛኛው ስቴት አይሠራም። ለመማር ብቻ መጥቶ ዶርም የኖረበት ጊዜ አይቆጠርለትም፤ ወላጆቹ ሌላ ስቴት እስካሉ ድረስ እሱም የዚያው ስቴት ሰው ነው። ይህ የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። ሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክት የቤቱ ስቴት ነዋሪ ሆኖ ይቆያል፣ የመንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለነዋሪ ያደላሉ።

የተለጠፈውን ዋጋ ተዉት

ሁለት የክፍያ ደብዳቤዎችን ስታነጻጽሩ የሚታየው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፦ ጠቅላላ ወጪ፣ ማለትም ትምህርት፣ መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍና መጓጓዣ፣ ከዚያ ላይ የማይመለስ እርዳታ፣ ማለትም ግራንትና ስኮላርሺፕ፣ ሲቀነስ የሚቀረው። ብድርና ወርክ-ስተዲ (ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘው) አይቀነሱም። ኮሌጆች በደብዳቤያቸው ላይ ብድርን ከስጦታው ጋር ደርድረው "የእርዳታ ድምር" ብለው ስለሚጽፉ፣ እርሳስ ይዞ አንድ በአንድ መለየት የቤተሰቡ ሥራ ነው።

ለምሳሌ ሦስት ደብዳቤ መጣ እንበል። የቤት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጠቅላላ ወጪው 31,000፣ ግራንቱ 14,000 ዶላር ነው፤ የሚቀረው 17,000። የጎረቤት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወጪው 62,000፣ ስኮላርሺፑ 20,000፤ የሚቀረው 42,000። የግል ኮሌጅ ወጪው 88,000፣ ግራንቱ 75,000፤ የሚቀረው 13,000። እንግዲህ 20,000 ዶላር "የፕሬዚዳንት ስኮላርሺፕ" የሚል ጌጠኛ ወረቀት የላከው ሁለተኛው ነው፤ ቤት ውስጥ ደስታ የሚፈጥረውም እሱ ነው። ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ግን በዓመት 25,000፣ በአራት ዓመት 100,000 ዶላር ይበልጣል።

ያንን 42,000 ከየት እናመጣለን ብላችሁ ጠይቁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም የሚያገኘው የፌዴራል ብድር 5,500 ዶላር ነው፤ በአራት ዓመት ድምሩ 27,000። ወላጅ ከፌዴራል መንግሥት የሚወስደው የፕላስ ብድር ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በዓመት 20,000፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ ተበጅቶለታል። ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ብትወስዱም ገና በመጀመሪያው ዓመት 16,500 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ይጎድላል። በአራተኛው ዓመት ደግሞ ከወላጅ ብድሩ የሚተርፈው 5,000 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዋስ ፈርሞ የሚገኝ የግል ባንክ ብድር ነው፤ ልጁ መክፈል ሲያቅተው የሚጠየቀው የፈረመው አጎት ነው። ቀደም ሲል "እንበደራለን" ተብሎ የሚታለፈው አውት-ኦፍ-ስቴት በአዲሱ ጣሪያ ምክንያት ለብዙ ቤተሰብ በቁጥር የማይሠራ ሆኗል።

ስኮላርሺፑ ላይም ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በየዓመቱ ለመታደስ የሚፈልገው ጂፒኤ ስንት ነው? ኢንጂነሪንግ ወይም ፕሪ-ሜድ (ለሕክምና ትምህርት መዘጋጃ) የገባ ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ካልኩለስና ኬሚስትሪ ውጤቱን ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ 3.5 የሚጠይቅ ስኮላርሺፕ ያኔ ያመልጣል፣ ሂሳቡም ወደ ሙሉ ዋጋ ይመለሳል። ኢን-ስቴት ተማሪ ስኮላርሺፕ ቢያጣ ይቸገራል፤ አውት-ኦፍ-ስቴት ተማሪ ቢያጣ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ስኮላርሺፑ ቁርጥ ያለ ዶላር ነው ወይስ መቶኛ? ጠቅላላ ወጪው በዓመት 3 በመቶ ቢጨምር 62,000 የነበረው በአራተኛው ዓመት ወደ 67,700 ይደርሳል። ስኮላርሺፑ ግን ባለበት 20,000 ነው።

ከማመልከታችሁ በፊት ግምት ማግኘት ይቻላል። ከ2011 ጀምሮ ማንኛውም የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስሊያ የማኖር ግዴታ አለበት። የግብር ወረቀታችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ለአንድ ኮሌጅ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። የራሱ ሥራ ያለው ሰው፣ ኡበር የሚነዳም ሆነ ምግብ ቤት የከፈተ፣ ማስሊያው ሊሳሳትበት ስለሚችል ውጤቱን በጥርጣሬ ይመልከተው።

ስቴቱ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ገንዘብ

ከቤት ስቴት ሲወጣ የሚጠፋው የክፍያ ቅናሹ ብቻ አይደለም። የስቴት ግራንት በአብዛኛው የስቴቱን ድንበር አይሻገርም። ፔል ግራንት፣ በ2025-26 ቢበዛ 7,395 ዶላር፣ የትም ይሄዳል፤ የሜሪላንድ ግራንት ግን ሜሪላንድ ውስጥ ይቀራል። ለእሱም ፋፍሳ እስከ ማርች 1 መሞላት አለበት። ጆርጂያ ውስጥ ሆፕ ስኮላርሺፕ ከ1993 ጀምሮ 3.0 እና ከዚያ በላይ ይዘው ለሚጨርሱ የስቴቱ ተማሪዎች እዚያው ጆርጂያ ባሉ ኮሌጆች ይከፍላል። ሚኒሶታ ከ2024 መጸው ጀምሮ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ነዋሪ ቤተሰቦች በመንግሥት ኮሌጆቿ የትምህርት ክፍያውን ትሸፍናለች። ቨርጂኒያ ደግሞ የግል ኮሌጅ ለሚገባ ነዋሪዋ እንኳ ገቢ ሳትጠይቅ ግራንት ትሰጣለች፤ ኮሌጁ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሆነ።

ዩኒቨርሲቲዎቹም የራሳቸውን ገንዘብ ሲያከፋፍሉ ያዳላሉ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሚሺጋን የገንዘብ ፍላጎትን ሙሉ በሙሉ እሸፍናለሁ የሚለው ለሚሺጋን ነዋሪ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች በ2025-26 ከሌላ ስቴት በሚመጣ አዲስ ተማሪ ላይ ከ37,000 ዶላር በላይ ይጨምራሉ፣ ያንን ለመሸፈን ደግሞ በችግር ላይ የተመሠረተ የዩኒቨርሲቲ ግራንት አይሰጡም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያና ኖርዝ ካሮላይና ቻፕል ሂል ከዚህ ይለያሉ፤ ከየትም ስቴት ለመጣ ተማሪ የሚያስፈልገውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ነገር ግን ለመግባት ከባድ ናቸው። ቻፕል ሂል ከአዲስ ገቢዎቹ የሌላ ስቴት ተማሪዎችን በ18 በመቶ ይወስናል፤ የኖርዝ ካሮላይናዋ ሻርሎት ልጅና የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ እኩል ውጤት ቢኖራቸውም እኩል ዕድል የላቸውም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም እዚህ ውስጥ ይገባል። ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ፣ ከኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተዘረጉ የዝውውር ስምምነቶች የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር አስቀድመው ይናገራሉ። ስቴት ተሻግሮ ሲዛወሩ ግን ክሬዲት እየተንጠባጠበ ይቀራል፤ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሴሚስተር የገንዘብም የዕድሜም ነው። ሁለት ዓመት ከቤት እየተመላለሱ መማርን እንደ ሽንፈት የሚያዩ ወላጆች አሉ። የምረቃ ወረቀቱ ላይ ግን የሚጻፈው የመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

አውት-ኦፍ-ስቴት የሚያዋጣባቸው በሮች

ሙሉ ዋጋ ሳይከፍሉ ድንበር መሻገር የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው የቱ ለእናንተ ስቴት እንደተከፈተ ማወቅ ነው።

ዲሲ የምትኖሩ ከሆነ ዲሲታግ የሚባለውን እወቁ። ከተማዋ ያላት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንድ ብቻ ስለሆነ ኮንግረስ በ1999 ባወጣው ሕግ የዲሲ ተማሪ በየትኛውም ስቴት የመንግሥት ኮሌጅ ሲገባ በኢን-ስቴትና በአውት-ኦፍ-ስቴት መካከል ያለውን ልዩነት፣ እስከተወሰነ ዓመታዊ ጣሪያ፣ ይከፈልለታል። በየዓመቱ እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል፤ የገቢ ገደብም አለው።

ሚኒሶታ ከዊስኮንሲን፣ ከኖርዝ ዳኮታና ከሳውዝ ዳኮታ ጋር ስምምነት አላት። የሚኒያፖሊስ ልጅ ማዲሰን ገብቶ ለሚኒሶታ ነዋሪ የቀረበ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ለዊስኮንሲን ግን የስምምነቱ ማመልከቻ ለብቻው ይሞላል፤ ኮሌጁ ተቀብሎናል ብሎ የተወው ሰው የሙሉ ዋጋ ቢል ይደርሰዋል።

ምዕራብ ላላችሁ፣ ከሲያትል እስከ ዴንቨርና ላስ ቬጋስ፣ ውዪ የሚባለው የምዕራብ ስቴቶች ልውውጥ አለ። ክፍያው ከተቀባዩ ስቴት የነዋሪ ዋጋ 150 በመቶ አይበልጥም፤ ነዋሪ 10,000 የሚከፍል ከሆነ እናንተ ቢበዛ 15,000። ቦታው የተወሰነ ነው፣ ነርሲንግን የመሰሉ ተፈላጊ ዘርፎች ብዙ ጊዜ ውስጡ የሉም፣ ስማቸው የገነነ ካምፓሶችም እንዲሁ።

ደቡብ ስቴቶች፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ አካዳሚክ ኮመን ማርኬት አላቸው። የምትፈልጉት ዘርፍ በስቴታችሁ የመንግሥት ኮሌጆች ከሌለ፣ ዘርፉን የሚሰጠው የሌላ አባል ስቴት ኮሌጅ በኢን-ስቴት ዋጋ ይቀበላችኋል። ልጁ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሜጀር ቢቀይር ቅናሹ እዚያው ያበቃል፤ ልጃችሁ ገና የሚያመነታ ከሆነ ይህን በር አትቁጠሩበት።

ሌላው በር ውጤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ አላባማን የመሰሉ ኮሌጆች ለሌላ ስቴት ተማሪ የሚሰጡትን ስኮላርሺፕ በጂፒኤና በፈተና ውጤት ሠንጠረዥ አስቀድመው ያትማሉ፤ የልጁን ውጤት አይቶ የሚያገኘውን ሳያመለክቱ ማወቅ ይቻላል። ቴክሳስ ውስጥ ቢያንስ 1,000 ዶላር የሚሆን በውድድር የተገኘ የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ የያዘ የሌላ ስቴት ተማሪ የነዋሪ ዋጋ እንዲከፍል ሊፈቀድለት ይችላል። 1,000 ዶላሩ ትንሽ ይመስላል፣ ከኋላው የሚጎትተው ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቅናሽ ነው።

ሜጀሩን ረስቶ ኮሌጅ መምረጥ

ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ነርሲንግና ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለው ማለት ዘርፉ ተቀበለው ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ኮምፒውተር ሳይንስን ቁጥሩ የተገደበ ዘርፍ አድርጎታል፤ ሲያትል ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ደግሞ አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው ከጅምሩ በቀጥታ ለተቀበላቸው ነው። ውጭ ስቴት ሄዶ ሙሉ ዋጋ እየከፈሉ "በኋላ እገባለሁ" ማለት ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። የመቀበያ ደብዳቤው ላይ ዘርፉ በስም መጻፉን አረጋግጡ፤ "ያልተወሰነ" የሚል ካለ ደውሉና ጠይቁ። አንዳንድ ኮሌጅ ለቢዝነስና ለኢንጂነሪንግ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፣ ይህም የመጀመሪያው ዓመት ሂሳብ ላይ አይታይም።

ቢል ላይ የማይጻፈው

ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ስቴት አይሻገርም። ሜሪላንድ ላይ ሜዲኬይድ ያለው ልጅ ፔንሲልቬንያ ሲማር ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በስተቀር ሐኪም ለማየት ይቸገራል፤ ዩኒቨርሲቲውም ካርዱን ላይቀበለውና የራሱን የጤና ኢንሹራንስ ቢሉ ላይ ሊጭን ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ የእርዳታ ደብዳቤው ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። በአሠሪ በኩል ኢንሹራንስ ያላችሁም ኔትወርኩ እዚያ ከተማ መድረሱን አይታችሁ የኮሌጁን ኢንሹራንስ የማስቀረቱን ቅጽ በቀነ ገደቡ ሙሉ።

መንገዱንም ቁጠሩ፦ ኦገስት መግቢያ፣ ታንክስጊቪንግ፣ የዲሴምበር ዕረፍት፣ ሜይ ላይ ዕቃ ማውጣት። በመኪና አራት ሰዓት የሆነና በአውሮፕላን ብቻ የሚደረስ ኮሌጅ፣ ሁለቱም አውት-ኦፍ-ስቴት ይባሉ እንጂ ወጪያቸው አይገናኝም። ገናን ከቤተሰቡ ጋር ማክበር የሚፈልግ ልጅ ደግሞ የኮሌጁን ካላንደር ይይ፤ ጃንዋሪ 7 በሴሚስተር በሚሄዱ ኮሌጆች አብዛኛውን ጊዜ ዕረፍት ነው፣ እንደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ባሉ ኳርተር ኮሌጆች ግን ክፍል ተጀምሯል።

ቀኖቹ

ፋፍሳ በተለምዶ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል፣ ማንነቱን ማረጋገጡ ግን ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል በሴፕቴምበር ይጀምር። ኖቬምበር 1 የብዙ ኮሌጆች ቀዳሚ ማመልከቻ ቀን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ላይ ስኮላርሺፕ የሚፈልግ ልጅ ከዚህ ቀን ማለፍ የለበትም። የሌላ ስቴት ልውውጦች የራሳቸው ቀን አላቸው፣ አንዳንዶቹም ከማመልከቻው ጋር አብረው ካልተጠየቁ ይዘጋሉ። የነዋሪነት ጥያቄዎቹን ባዶ መተው ወይም በግምት መሙላት ልጁን ያለ ክርክር አውት-ኦፍ-ስቴት ያስመድበዋል።

ደብዳቤዎቹ ማርች ላይ ተሟልተው ሲመጡ የቤተሰቡ ገቢ ከቀነሰ፣ ሥራ ከጠፋ ወይም ሀገር ቤት ላሉ ወላጆች የሚላክ ገንዘብ ካለ፣ ለእርዳታ ቢሮው በጽሑፍ አመልክቱ። የሚላከውን ገንዘብ ሁሉም ቢሮ አይቆጥረውም፤ የዝውውር ደረሰኝ ሲያያዝ ግን የሚያይ አለ። ይህ ሁሉ ከሜይ 1 በፊት ማለቅ አለበት፣ ምክንያቱም ያን ቀን የሚከፈለው የመግቢያ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። በስህተት አውት-ኦፍ-ስቴት የተመደበ ልጅ የእርማት ማመልከቻውን ከግብር ወረቀቱ፣ ከኪራይ ውሉና ከመኪና ምዝገባው ቅጂ ጋር ኮሌጁ ባስቀመጠው ቀን ያስገባ፤ ቀኑ ካለፈ ውሳኔው የሚነሳው ለሚቀጥለው ሴሚስተር ነው፣ የከፈለውም አይመለስለትም።